ማሽኑ አራት ጊዜ «የለም» ያለባት ሌሊት

እስቲ ወንበር ሳቡና ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሰኔ 28 ማታ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የክረምቱ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ መደብደብ በጀመረበት ሰሞን። ቦታው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። የቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ስሙን ብታውቁት ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተር ሲታመም «ና» የምባል ሰው። ሁለተኛዋ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ ለልምምድ ከእኔ ጋር የተመደበች ልጅ ናት። ሦስተኛዋ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የቁልፍ ዘለላ በወገባቸው አስረው የኖሩ ሴት። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕቃ ቆጠራውን የሚይዘው ፕሮግራም ያረፈበት አሮጌ ሰርቨር በዚያው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ አብሮ አልተመለሰም። አዲስ ኮምፒውተር መጣ፤ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ሊኑክስ ተጫነበት። መረጃው ተርፏል። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድም ከአንድ መሳቢያ ውስጥ በተገኘ ፍላሽ ላይ አለ። የጻፈው ሰው ግን ሥራ ከለቀቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስልኩም አይነሣም። «ይህን ለማስነሣት ይህ ይህ ያስፈልጋል» የምትል አንዲት መስመር እንኳ አልተወም። ሜክፋይል የምንለው፣ ግንባታው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ የሚናገረው ፋይልም ፍላሹ ላይ አልነበረም።

«ቀላል ነው» አልኩ። «በሲ የተጻፈ ነው፤ ኮምፓይል እናደርገውና ቤታችን እንገባለን።»

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ልጅቱ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር ጠርታ ፋይሎቹን ሰጠችው። ማሽኑ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ መለሰ፦ «ዜድሊብ ዶት ኤች፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ኮምፓይሉ ተቋርጧል።»

ይኸውላችሁ የመጀመሪያው «የለም»።

ዜድሊብ ማለት መረጃ ጨምቆ የሚያሳንስ ላይብረሪ ነው። ዣን ሉ ጌይሊ እና ማርክ አድለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት፣ መነሻው ፒኤንጂ ለተባለው የምስል ዓይነት የነበረ፣ ዛሬ ግን ያልገባበት ማሽን ብትፈልጉ የማታገኙት ነው። ልጅቱም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ተነሥታ የላይብረሪዎቹን ፎልደር በረበረች።

«ጋሼ፣ ይዋሻል! ዜድሊብ አለ። ሊብዜድ ዶት ኤስኦ ዶት 1፣ ይኸው ተቀምጧል።»

እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ፕሮግራሙ ስለሞተባቸው ቢን ካርድ የሚባሉትን የዕቃ መከታተያ ካርዶቻቸውን በእስክሪብቶ ይሞላሉ። ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«የለም ያለው ማን ነው?»

«ማሽኑ ነዋ፣ እትዬ።»

«ማሽኑ ስንት ሰው ነው? እኔ ዘንድ ካርድ ያዡ ሌላ ነው፣ ዕቃ አውጪው ሌላ ነው። ካርድ ያዡ የለም ካለ ካርዱ ጠፍቷል ማለት ነው። ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ ሊሆን ይችላል።»

እኔና ልጅቱ ተያየን። ነገሩ ልክ እንደዚያ ነው። ኮምፓይለሩ ካርድ ያዥ ነው፤ ግምጃ ቤት አይገባም። የሚያነበው ሄደር የምንለውን፣ በዶት ኤች የሚያልቀውን ፋይል ብቻ ነው። ሄደሩ ደግሞ ቢን ካርድ ነው፦ በዚህ ላይብረሪ ውስጥ እንዲህ የሚባል ሥራ አለ፣ ይህን ይቀበላል፣ ያን ይመልሳል ይላል። ዕቃው ራሱ ውስጡ የለም። ፕሮግራም አስነሥቶ ለሚጠቀም ሰው ካርዱ ምንም አያደርግለትም፤ ፕሮግራም ለሚገነባ ሰው ግን ያለ ካርዱ አንድ እርምጃ የለም። ስለዚህ ዴቢያንና ልጁ ኡቡንቱ ዕቃውን በአንድ ፓኬጅ፣ ካርዱን በሌላ ፓኬጅ ለያይተው ያስቀምጣሉ። የካርዱ ፓኬጅ ስሙ በ«ዴቭ» ያልቃል፤ በእነ ሬድ ሃትና ፌዶራ ሠፈር «ዴቬል» ይሉታል። ስሙ የጠፋበት ሰው አፕት-ፋይል ለምትባል መሣሪያ የፋይሉን ስም ቢሰጣት በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ትነግረዋለች። ለእኛም ነገረችን፤ ልጅቱም ማሽኑን «አውርድ» አለችው።

ኔትወርኩ ግን የሰኔ ኔትወርክ ነው። ቁጥሩ አንድ በመቶ ላይ ቆሞ ቀረ። እትዬ ሻይ አስቀዱ።

«ላይብረሪ የምትሉት መጽሐፍ ያለበት ነው?» አሉ።

እኔም ሻዩ እስኪያልቅ ይህን አወራኋቸው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሳክ የሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር ነበር፤ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያሠራው እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1949 ነው። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ባልደረቦቻቸው ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር ገባቸው፦ ሁሉም ሰው ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላ ኮድ ከባዶ እየጻፈ፣ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ እየተሳሳተ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈውን በወረቀት ጥብጣብ ላይ በስተው፣ ጥቅልሉን ላዩ ላይ ስም ጽፈው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደሩት። ላይብረሪ የሚለው ስም ምሳሌ አልነበረም፤ በር ያለው፣ መደርደሪያ ያለው ዕቃ ነበር። ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የሚፈልገውን ጥቅልል ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ፣ በራሱ ጥብጣብ ላይ አስገልብጦ፣ ዋናውን ይመልሳል።

«ታዲያ ይሄ ግምጃ ቤት ነው» አሉ እትዬ፤ ደስ አላቸው።

ፓኬጁ ወርዶ አለቀ። ዶት ኤች የሚለው ጩኸት ጠፋ። ልጅቱ እጇን አፋተገች። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ አፌ ያመጣብኝን አይቻለሁና።

ሁለተኛው «የለም» አርባ መስመር ሆኖ መጣ። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ነው የሚለው፦ ኮምፕረስ የሚባለውን ፈልጌ አጣሁ፣ አንኮምፕረስ የሚባለውን ፈልጌ አጣሁ። መጨረሻው ላይ «ኤልዲ 1 መልሶ ወጣ» ይላል። ልጅቱ ያቺን የመጨረሻ መስመር ይዛ መጨነቅ ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። አርባ መስመር ስህተት አርባ ችግር አይደለም። የታችኛው መስመር ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ስለ ሞቱ ምክንያት የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን አንብቡ።

ደግሞ ተናጋሪው ተለውጧል። አሁን የሚናገረው ካርድ ያዡ ሳይሆን ዕቃ አውጪው ነው፤ ሊንከር እንለዋለን፤ ያ «ኤልዲ» የተባለውም እሱ ነው። የካርዱን ወረቀት ይዞ ግምጃ ቤት የሚገባው እሱ ነው። ግምጃ ቤቱን ራሱን ቢያጣው «ኤል ዜድን ላገኝ አልቻልኩም» ይል ነበር። ያን አላለም። ገብቷል፤ ዕቃውን ግን ሳይዝ ወጥቷል።

ልጅቱ የጻፈችውን ትእዛዝ አየሁት። ጂሲሲ ብላ፣ ወዲያው የላይብረሪውን ስም ጽፋ፣ ፋይሎቹን ከኋላ አስከትላለች።

«እትዬ» አልኩ፣ «አንድ ሰው መጥቶ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ቢከፍቱለት ምን ይሰጡታል?»

«ምን እሰጠዋለሁ? ሞዴል 20 ሳይቀርብ ሞዴል 22 አይቆረጥም!»

የንብረት ክፍል ሰው ያልሆናችሁ፦ ሞዴል 20 ዕቃ መጠየቂያ ነው፣ ሞዴል 22 ዕቃ ማውጫ። ሊንከሩም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድበታል። ላይብረሪው ጋ ሲደርስ ከዚያ በፊት የጠየቀ ፋይል ከሌለ «ማንም አልፈለገውም» ብሎ ያልፈዋል። ጠያቂው ከኋላ ሲመጣ በሩ ተዘግቷል። ልጅቱ የላይብረሪውን ስም ቆርጣ ከፋይሎቹ ኋላ ለጠፈችው። አርባው መስመር እንደ ጤዛ ረገፈ። አዲስ ነገር አልጫንን፣ አላወረድን፤ ሁለት ቃል ቦታ ተለዋወጡ፣ በቃ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆነ። ፕሮግራሙ ተገንብቶ ቆሟል። አስነሣነው።

«ሼርድ ላይብረሪውን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም።»

ሦስተኛ።

የአሁኑ የባርኮድ ማንበቢያው ላይብረሪ ነው። ይህን ከማንም አላወረድነውም፤ ያ የሄደው ሰው ራሱ ጽፎት ምንጩ በፍላሹ ውስጥ ስለነበር ገንብተን በዩኤስአር፣ ሎካል፣ ሊብ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጥነው ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። ልጅቱ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ጋሼ፣ በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። ሊንከሩም አግኝቶታል። አሁን የት ሄደ?»

እዚህ ጋ የካምብሪጁን ቁም ሣጥን አስታውሱልኝ። ያኔ ጥቅልሉ ተገልብጦ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ጥብጣብ ይሆን ነበር። ዛሬም እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ስታቲክ ሊንክ እንለዋለን፤ እንዲህ የተሠራ ፕሮግራም ስንቁን ይዞ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ «የለም» አይባልም። አብዛኛው የዛሬ ፕሮግራም ግን ስንቅ አይዝም። «የምበላው እገሌ ቤት ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ሲነሣ ያንን ቤት ይፈልጋል። ለምን? አንድ ቅጂ ለሁሉ ስለሚበቃ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገለጥ፣ ላይብረሪውን በጋራ የሚጠቀሙ ማሽኖች ያንኑ አንዱን ላይብረሪ ቀይረው ፕሮግራሞቹን ሲያስነሡ ቀዳዳው ተደፈነላቸው። እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ በሆዱ ይዞ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን እንደገና መገንባት ግድ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ይዞ መውጣት ሞኝነት አይደለም። ዋጋው ግን ይኸው ነው፤ ደርሳችሁ በሩን ስታንኳኩ ቤቱን ማጣት።

ኤልዲዲ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ፕሮግራሙን ስትሰጧት የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ትዘረዝርና ከእያንዳንዱ ፊት የተገኘበትን አድራሻ ትጽፋለች። ልጅቱ ጠራቻት። ዝርዝሩ ወረደ፤ ዜድሊብ አድራሻ አለው፣ ሌላውም አድራሻ አለው፣ የባርኮዱ ፊት ለፊት ግን «አልተገኘም»።

እትዬ ከኋላችን ቆመው ያዩ ነበር። «አዲስ መደርደሪያ ሠርታችሁ መዝገብ ላይ አስገብታችኋል?»

አላስገባንም! ሊንከሩ ያንን ፎልደር በእግሩ ሄዶ ያየዋል። ፕሮግራም ሲነሣ ላይብረሪ የሚያመጣው ጫኚ ግን ሌላ ሰው ነው፤ እሱ በየመደርደሪያው አይዞርም፣ ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ነው የሚከፍተው። መዝገቡን የሚያድሰው ኤልዲኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ ነው። አንድ ጊዜ ጻፍነው። ኤልዲዲን እንደገና ስንጠራት የባርኮዱ አድራሻ ፊቱ ላይ ተጽፎ መጣ።

የቆጠራው ፕሮግራም ተነሣ። እትዬ በሚያውቁት ሰማያዊ ስክሪን ላይ ስማቸውን ሲያዩ «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ።

አላለቀም። አንድ ቀርቷል። ሪፖርቱን ቆልፎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚልክ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለ። የዚህ ምንጭ ኮድ ፍላሹ ላይ የለም፤ ከሞተው ሰርቨር ዲስክ የተረፈው የተገነባው ፋይል ብቻ ነው። አስነሣነው።

«ሊብኤስኤስኤል ዶት ኤስኦ ዶት 1.1 የለም።»

አራተኛው ይኼ ነው፤ ከሁሉም ክፉው። ሊብኤስኤስኤል የዚያው የኦፕንኤስኤስኤል ፋይል ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ይዞ የመጣው ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ነው። 1.1 የሚባለው ከዚያ ግምጃ ቤት ወጥቷል፤ በፓኬጅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ካርድ አልጎደለም፣ ተራ አልተዛባም፣ መዝገብ አልዘገየም። የእውነት የለም።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። እኔም ድካም አታለለኝ። ለሊብኤስኤስኤል 3 አቋራጭ ስም ሠርቼ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ 1.1 ነህ» አልኩት። ልጅቱ በጎን አየችኝ፤ አልተናገረችም። ፕሮግራሙን አስነሣሁ። ጫኚው ስሙን አግኝቶ ገባ፤ ግን ውስጡ ያለውን ማኅተም አነበበና መለሰልኝ፦ «የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ቨርዥን አልተገኘም።»

እትዬ ሳቁ። «እኔ ዘንድ አንድ ልጅ ነበረ። 41 ቁጥር ቦቲ አለቀበትና የ39ኙን ካርቶን ሰርዞ 41 ብሎ ጻፈበት። ካርቶኑ ተሸወደ፤ እግር ግን አልተሸወደም።»

አፈርኩ። ያፈርኩት ደግሞ ስለተያዝኩ አይደለም፤ ባልያዝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ስለማውቅ ነው። ማኅተም የሌለው ላይብረሪ ቢሆን ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይነሣል፤ የተሳሳተውንም ዕቃ ተቀብሎ ይሠራል። የበጀት መዝጊያ ሪፖርት የት ላይ እንደተበላሸ ከዚያ በኋላ ማን ያገኘዋል? «የለም» ብሎ የሚቆም ማሽን ባለውለታ ነው።

አቋራጩን አጠፋሁት። መፍትሔውን ያመጣችው ልጅቱ ናት፦ «ጋሼ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ብንከተውስ?» ዶከር በሚባለው መሣሪያ ኡቡንቱ 20.04ን እንዳለ በአንድ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች፤ በዚያ ውስጥ 1.1 በእውነተኛ ስሙና በእውነተኛ ማኅተሙ አለ። ፕሮግራሙ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ የድሮ ቤቱ ያለ መስሎት ይሠራል፤ ውጭ ያለው ማሽን ከ3 ጋር ይኖራል። እትዬ ኮንቴይነር የሚለውን ቃል ሲሰሙ በመስኮት ወደ ግቢው ጠቆሙ። የእሳቸውም አሮጌ ዕቃ ዝናብ ላይ በቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው።

«ግን እኮ እዚያ ያስገባሁት ዕቃ ለዘላለም አይደለም፤ እስኪወገድ ነው» አሉ።

ይህም እንደዚያው ነው። ለ1.1.1 ይሰጥ የነበረው ነፃ የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 አብቅቷል። ሣጥኑ ለሰኔ 30 ያደርሰናል እንጂ ቤት አይሆነንም፤ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት።

ሪፖርቱ ሲሄድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ዝናቡ አባርቷል። ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ። «ርክክቡስ?»

እሳቸው ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። በዚህ ቤት ሕግ መሠረት የመጨረሻዋ ምስማር ተቆጥራ ተረካቢው ሳይፈርም አይሄዱም። ያ ፕሮግራመር ግን ቦርሳውን ብቻ አንሥቶ ሄደ፤ ማንም «አስረክብ» አላለውም። እሱ ብቻም አይደለም፤ የዓለሙ ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2016 አንድ ፕሮግራመር በአንድ የፓኬጅ ስም ይገባኛል ክርክር ተናዶ ኤንፒኤም ከሚባለው የፓኬጅ ግምጃ ቤት 273 ሥራዎቹን አወጣ። የራሱ ናቸው። ከመካከላቸው ሌፍት-ፓድ የምትባል፣ ከጽሑፍ ፊት ባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ሥራ የሌላት የ11 መስመር ኮድ ነበረች። እሷን የያዘ ሌላ፣ ያንንም የያዘ ሌላ እየሆነ በየአገሩ ግንባታ ቆመ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይቶ ኤንፒኤም ራሱ መለሳት። ከቆሙት ብዙዎቹ በዚያች በ11 መስመር ላይ እንደቆሙ ያወቁት በዚያ ቀን ነው።

ልጅቱ ቁጭ ብላ ጻፈች። የኡቡንቱው ቁጥር። የካርዱ ፓኬጅ ስም። የትእዛዙ ቅደም ተከተል፣ ፋይል ፊት፣ ላይብረሪ ኋላ። ኤልዲኮንፊግ። ሣጥኑ፣ አጠገቡም «ጊዜያዊ» የሚል። አንድ ገጽ አልሞላም። ከታች «አስረካቢ» እና «ተረካቢ» ብላ ሁለት መስመር አሠመረች፤ በተረካቢው ላይ ራሷ ፈረመች። አስረካቢው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እዚህ ላይ ማን ይፈርም፣ ጋሼ? ሰውየው እኮ የለም።»

እትዬ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስደው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ይኸው አለ» አሉ።

ፈረምኩ። እትዬ ወረቀቱን በክር አስረው፣ ልክ እንደ ቢን ካርድ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ምስማር ላይ ሰቀሉት።